ሚስማር

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ባጃጅ የሚያልፍበት ዳገቱ ተንዶ፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
ሦስት ፍላሽ በኪሴ፣ ምሳ አሳልፌ፣
እሄዳለሁ።
ማን ላከህ? ማንም።
ማን ይከፍልሃል? ማንም።
እናቴ ትላለች፦ «ይሄ ማንም ያልከው ሰው
ደሞዙ ስንት ነው?»

ነፃ ሶፍትዌር ስል በየደረጃው ሥር፣
አንዱ ሲጠራጠር፣ አንዱ ሲመራመር፣
«የየትኛው ፓርቲ ነህ?»
«ወንድሜ፣ ስብከት ከሆነ ትናንት መጥተው ነበር።»
ጎማ ለጣፊው ግን ዓይኑን አጠበበ፤
«ስንት ሰው ሳስገባ ነው ኮሚሽኑ?» አለኝ፣ እያሰላሰለ፣ እያሰበ።
(ፒራሚድ የሚሉት ብሩን በልቶበታል፤
ይህን የጠየቀ እንዴት ይፈረድበታል?)

ጥፋቱ የቃሉም ነው።
ነፃ በእኛ አፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እንዲያው የሚታደል፣
አንዱ ያልታሰረ።
እኔ ያልታሰረውን ስል፣ ሰው የሚሰማው የሚታደለውን ነው፤
በዚህ ሰፈር ደግሞ እንዲያው የታደለ ነገር
ወይ ጊዜው ያለፈ ዱቄት፣
ወይ የምርጫ ሰሞን ኮፍያ ነው።

ሙዘይን ጽሕፈት ቤት፣ ብሎክ አርባ ሁለት፤
ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት።
አምስት ኮምፒውተሮች፣ በተሰረቀ ቁልፍ የተከፈቱ፣
ቫይረስ እንደ ወባ ይዟቸው የሚያቃስቱ።
የአንዲት ልጅ መመረቂያ፣ መቶ አሥር ገጽ ሙሉ፣
ባለፈው ወር ጠፋ፤ አልተገኘም ውሉ።

«ሙዘይን፣» አልኩት፣ «አንተም ተከራይ ነህ፣ እኔም።
አከራዬ ሚስማር አትምታ ይለኛል፤
የአባቴ ፎቶ ስድስት ዓመት መሬት ላይ ተደግፏል።
ይሄ ፕሮግራምህም እንደዚያ ነው፤
ትኖርበታለህ እንጂ ያንተ አይደለም።
የኔ ግን ቤቱን ከነፕላኑ ያስረክብሃል፤
ብትሻ አፍርሰው፣ ብትሻ ቀጥለው፣
ለጎረቤትህም አውሰው።»

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።
«ጥሩ ብለሃል። ደንበኛዬ ግን ፕላን አይደለም የሚያነበው፤
የለመደው መስኮት ከጠፋ፣ ማዶ ሱቅ ነው የሚገባው።»

ስምንት ቅዳሜ።
በዘጠነኛው፣ በሩ ጋ ያለችውን አሮጌ ማሽን ሰጠኝ፤
«ሞታለች፤ ደግመህ ብትገድላትም አይቆጨኝ።»

ሶሬቲ፣ ጸሐፊዋ፣
ሰው አልቅሶ የነገራትን ለወረዳው ጆሮ የምታቃናዋ፣
ከሞት በተነሣችው ማሽን ፊት ተቀመጠች፣
ሁለት መስመር መታች፣
ሳቀች።
«ይሄ ምንድን ነው? "አድን" ይላል። ፋይሉ ሰምጧል እንዴ?
እሳት አደጋ ልጥራ?»

አንድ የሩቅ በጎ ፈቃደኛ፣ መዝገበ ቃላት አምኖ፣
እንቅልፍ እያዳፋው የተረጎመው ይሆናል።
አፈርኩ። «ስህተት ነው» አልኩ።
«ታዲያ አስተካክለዋ!»
«አንቺ አስተካክይው።»

ዝም አለች።
እንዲህ ያላት የለም፤
ወረዳው አላላትም፣
አከራይዋ አላላትም።

ስልኬን ኔት አብርቼ ቦታውን አሳየኋት።
«አድን»ን ደመሰሰች፤
«አስቀምጥ» ብላ ጻፈች።
ከዚያ፣ ሚስማር መትቶ ፎቶ እንደሰቀለ ሰው፣
ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣
ቀጥ ማለቱን ለካች።

መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ።
ቃሏ ግን ቀድማው ሄዳ ነበር።
መስከረም ላይ አዲሱ እትም ሲመጣ
እኔ በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ልጅ ማሽን ላይ፣
«አስቀምጥ» ይላል፤
ስሟም ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣
ከሺህ ስሞች መካከል።

ሙዘይን? አራቱ ማሽኖች እንደነበሩ ናቸው፤ ያቃስታሉ።
አምስተኛዋ ላይ ግን ወረቀት ለጥፏል፦
«ለዚህችኛዋ ሶሬቲን ጠይቁ።»
የአባቴ ፎቶም አሁን ድረስ መሬት ላይ ነው።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ ያሉ አዛውንት
ላፕቶፔን አይተው፣ «ልጄ፣ ምን ትሸጣለህ?» አሉኝ።
«አልሸጥም፣ አባባ፤ ይሄ ነፃ...» ብዬ ልጀምር ስል
ረዳቱ ትከሻዬን መታ፦
«ሂሳብ!»